ሳቢያን ያለው ጋራዥ፦ ሮከርና ካምሻፍት ማሠራት ለምትፈልጉ

አቦ ድሬ ውስጥ የሞተር ላይኛውን ክፍል ተረጋግቶ የሚፈታ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ለዛ ነው ሳቢያን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ስላለው ትንሽ ጋራዥ የምጽፈው። መኪናዬ ባለ አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) የድሮ ኮሮላ ናት፣ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበራት፣ ነዳጅ ስትሰጣት ድምፁም አብሮ ይፈጥናል፣ ሌላ ቦታ ባሳያት ክዳኑን እንኳን ሳይከፍቱ "ሞተር ይውረድ" አሉኝ። እዚህ ሜካኒኩ ልጅ የላይኛውን ክዳን ብቻ ከፍቶ የቫልቮቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) አንድ በአንድ ለካ፣ አንዱ ጋ በጣም ሰፋ፣ "ወንድሜ ና እየው" ብሎ ጠራኝ።

አፈታቱ ነው የማረከኝ። የአንደኛውን ሲሊንደር ፒስተን ላይኛው ጫፍ ላይ አምጥቶ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ ማለትም የቺንጋውን ምልክቶች ቀለም ቀባቸው፣ ከዛ ሮከሮቹ (የካሙን ግፊት ለቫልቮቹ የሚያስተላልፉት ክንዶች) የተሰኩበትን የሮከር ዘንግ ቡሎኖች ከዳር ወደ መሃል ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ አላላቸው፣ ምክንያቱም የቫልቭ ስፕሪንጎቹ ከስር ይገፋሉ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከለቀከው ዘንጉ ይጣመማል። የወጣውን ሮከር ሁሉ ካርቶን ላይ ቁጥር እየጻፈ በየተራው ደረደረው። አንዳንዱ ሜካኒክ ሁሉንም አንድ ጣሳ ቤንዚን ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ሮከር ከራሱ ካም ጋር ተለማምዶ ነው የሚያልቀው፣ ቦታ ከተቀያየረ ደህናውንም ይበላዋል።

ጥፋቱ የተገኘው የሮከር ዘንጉ ላይ ነው፣ አንዷ የዘይት ቀዳዳ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍና እዛ ጋ ያለው ሮከር ዘይት ሳያገኝ ፊቱ ተቦርቡሯል። ካምሻፍቱን ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ስለሚያፈስ አውጥቶት ነበር፣ በጥፍሩ ዳሰሰው በማይክሮሜትርም ለካው፣ ደህና ነው አይቀየርም አለኝ፣ አዲስ ግዛ ቢለኝ እኮ ምንም ሳልከራከር እገዛ ነበር!

ሲመልስ ካሙንና ሮከሮቹን ዘይት ቀብቶ፣ በቶርክ ሬንች ከመሃል ወደ ዳር በየደረጃው አጠበቀ። ቺንጋውን ካሰረ በኋላም ቁልፍ አላስነሳም፣ ዋናውን የሞተር ዘንግ (ክራንክሻፍቱን) በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረው፣ ያኔ ካምሻፍቱ አንድ ዙር ይሞላል፣ ምልክቶቹ መልሰው መግጠማቸውን አይቶ ክፍተቱን እንደገና ለክቶ ነው ያስነሳው። ድምፁ ጠፋ፣ አሁን ጠዋት ስትነሳም ዝም ያለች ናት።

የእጅ ዋጋው ከሌላው ቦታ ይበልጣል፣ ግን የአንድ ሮከርና የፓራኦሊዮ ሥራ ከሞተር ማውረድ ጋር አይወዳደርም። ቅር ያለኝ ለደንበኛ መቀመጫም ጥላም የሌለው መሆኑ ነው፣ በዚህ ፀሐይ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሸራ ቢዘረጉ። ጉርኒሲዮን (የክዳኑን ማሸጊያ) ቀድማችሁ ገዝታችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሂዱ፣ ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይነካም፣ ከቀትር በኋላ የመጣ መኪና እዛው ነው የሚያድረው።