ጣውላ ወይስ ብሎኬት? ግቢያችሁ ውስጥ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ ልትሠሩ ካሰባችሁ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «የጎመን መደብሽን በምን ነበር ያሠራሽው?» ይሉኛል። ኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዛ። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላዋ ቡና ላይ ስመልስ ቆየሁ። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው።

መልሴን ላስቀድም፤ ብሎኬት ግዙ። ጣውላ አትግዙ። እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት።

ሰፈራችን አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው፣ መሬቱ ዋልካ። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ላይ ጫማ ይነቅላል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ካሮት ብትዘሩ ሐምሌ ሳያልቅ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ አፈሩን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካውን ካረሱ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ሲያወጡ ኖረዋል። እኛ የምንጨምረው ዙሪያውን የሚይዘውን ግድግዳ ነው።

የመጀመሪያውን በ2014 ግንቦት ላይ በባህር ዛፍ ጣውላ አሠራሁ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ። ሂሳቡን ደብተሬ ላይ ይዤዋለሁ። አራት ጣውላ በ380 ብር፣ 1,520። ለቋሚ እንጨት 240። ምስማር 70። አናጢው 500 ወሰደ። ድምር 2,330 ብር። ሲጨርስ ያምር ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አይቶታል።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስወጣ አንዱ ጥግ ተከፍቷል። ምስማሮቹ አልተሰበሩም፤ የሚይዙት እንጨት አልቆ ነው የወጡት። የበሩን ቁልፍ ጣውላው ላይ ጫን ሳደርገው አይብ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። በውስጥ በኩል አፈሩን የነካው ፊት ሁሉ ጠቁሮ ይላላጣል። ቆስጣዬ ከነሥሩ ግቢው ላይ ፈሶ ነበር።

አናጢው ገና ሲጀምር «የተቃጠለ ዘይት እንቀባው፣ ይቆያል» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ፣ አሁንም እምቢ እላለሁ። ልጆቻችሁ የሚበሉት ሰላጣ አጠገብ የሞተር ዘይት ምን ይሠራል? በዚሁ ምክንያት ከግንባታ ቦታ የሚወጣ ያገለገለ የፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ጣውላ ርካሽ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅበት ብዙ ጊዜ ዘይት ይቀባል። አሮጌ የጽድ እንጨት ቤታችሁ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጽድ ብስባሽም ምስጥም ይችላል። ገዝቶ መሥራት ግን ዋጋው አይቀመስም።

የቆርቆሮ ሳጥንም አለ፤ ኦንላይን ተገጣጣሚ ተብሎ የሚሸጠው። የባለቤቴ እህት 4,800 ብር ከፍላ ገዛች። ፎቶው ላይ ወፍራም ነበር። የመጣላት ግን ባለ 35 ጌጅ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ጌጅ ማለት ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ይህን ሳታውቁ እንዳትከፍሉ። አፈር ሲሞላበት ሆዱ ተነፋ፤ ጠርዙ ደግሞ የልጇን እጅ ቆረጠው። ብሎኖቹ በአንድ ክረምት ዛጉ። ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ወደ ብሎኬት እንምጣ። በ2016 ስገዛ ባለ 20ው (ውፍረቱ 20 ሳንቲ የሆነው) ብሎኬት አንዱ 34 ብር ነበር። ለዚያው መጠን የሚያስፈልገው 32 ነው፤ ለስብራት ሁለት ጨምሩ። 34 ሲባዛ በ34፣ 1,156 ብር። የጭነት ባጃጅ በሁለት ምልልስ 700። ድምር 1,856። አናጢ የለም፣ ሲሚንቶ የለም። እኔና ወንድሜ ከቁርስ በኋላ ጀምረን ለምሳ ጨረስን። ዛሬ ዋጋው ሌላ ነው፣ ግን ጣውላውም አብሮ ጨምሯል።

አደራረደሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ አምስት ሳንቲ ያህል ቆፍሩና ገረጋንቲ አንጥፉ፤ ጠቅጥቁት። የታችኛው ረድፍ በረጅሙ ጎን 6፣ በአጭሩ 2 ነው። የላይኛው በረጅሙ 5፣ በአጭሩ 3 ነው። እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያዎቹ ይፈራረቃሉ፣ ጥጉም ይቆላለፋል። ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን። እኔ ቀዳዳዎቹን አፈር ሞልቼ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ተከልኩባቸው። በሲሚንቶ አታያይዙት። ዋልካ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ የተያያዘ ግድግዳ አብሮ ይሰነጠቃል። ያልተያያዘው ግን ቢንቀሳቀስ በእጅ ገፋ አድርጋችሁ ትመልሱታላችሁ።

ብሎኬት ላይም ማጭበርበር አለ። መንገድ ዳር የሚሸጠው ሲሚንቶ የተቀነሰበት፣ በተመረተ በሁለት ቀኑ የሚጫን ብዙ ነው። ብሎኬት ቢያንስ ለሳምንት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ስትገዙ ሁለቱን አጋጩ፤ ጥሩው ይጮሃል፣ መጥፎው ድምፁ ይታፈናል። ጠርዙን በምስማር ፋቁት። እንደ ዱቄት ከረገፈ ሂዱ። እኔን አንዱ ሻጭ «እህቴ፣ ለቤት አይደለም፣ ለጎመን ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። ጎመን በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ደካማ ብሎኬት ደግሞ የሚፈርሰው በእርጥበት ነው። ከሌላ ገዛሁ።

ከሳጥኑ ይልቅ ብዙ ብር የሚያስወጣው አፈሩ ነው፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። የኔ መደብ እስከ አፉ 32 ጄሪካን ባለ 20 ሊትር ይይዛል። ያን ጊዜ በ150 ብር የገዛሁት አንድ ማዳበሪያ (ጆንያ) አፈር ሁለት ጄሪካን ያህል ነው፤ ስለዚህ 16 ማዳበሪያ፣ 2,400 ብር። እኔ የታችኛውን 15 ሳንቲ በደረቅ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ጭድ ሞላሁትና ስድስት ማዳበሪያ ተረፈኝ፤ 900 ብር። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን አታስገቡበት፣ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል። ጭዱ ሲበሰብስ አፈሩ ይሰምጣል፤ በዓመቱ ሁለት ማዳበሪያ ጨምሬበታለሁ።

ኮምፖስት ስትገዙ ከታች ዝርግፍ አድርጋችሁ እዩ። ከገዛኋቸው አንዱ ላዩ ጥቁር ኮምፖስት፣ ከስንዝር በታች የልስን ፍርስራሽና የፌስታል ቁራጭ ነበር። ፍግም ትኩስ ከሆነ ችግኙን ያቃጥለዋል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ይሰንብት።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያላችሁ ይህን ሁሉ እርሱት። እርጥብ አፈሩ ብቻ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ለእናንተ ማዳበሪያ ወይም ባልዲ ይሻላል። ማዳበሪያው ፀሐይ ላይ በወራት ውስጥ ይበጣጠሳል፣ ክሩም አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥላ ስር አስቀምጡትና ቶሎ ቀይሩት። አሮጌ ጎማ ላይ ግን የሚበላ ነገር አልተክልም፤ ለአበባ ይሁን።

ተከራዮች «ቤት ብለቅስ?» ይሉኛል። ባለፈው ጥቅምት ቤት ቀየርን። ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ አንስተን፣ አፈሩን ማዳበሪያ ውስጥ ሞልተን ከዕቃው ጋር ጫንነው። ከ34ቱ ሁለት ተሰበሩ። የተረፉት 32 ሲሆኑ የሚያስፈልገኝም 32 ነበር። በማግስቱ አዲሱ ግቢ ላይ ደረደርናቸው፣ ለገና ቆስጣው ደረሰ።