ስምንት ቅዳሜ በቱሉ ዲምቱ፦ የማኔጅመንት አማካሪነት ሥልጠናው እንዴት ነበር?

በባንክ የብድር ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ሥራው እጅ እጅ ሲለኝ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ አንድ ሕንፃ ላይ «የማኔጅመንት አማካሪ ይሁኑ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ፤ ድርጅቶች ችግራቸውን እንዲፈቱ የሚመክር ባለሙያ ማለት ነው። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ስለሆነ መጀመሪያ የማረከኝ ቅርበቱ ነው። ክፍያው ለስምንት ቅዳሜ 12,000 ብር ነው። ያልተፈታ ቅሬታ ስላለኝ የተቋሙን ስም አልጽፍም።

ሦስቱ ቅዳሜዎች በስላይድ አለቁ። ትልልቆቹ የአማካሪ ድርጅቶች ማኪንዚ በ1926፣ ቦስተን ኮንሰልቲንግ በ1963 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) መመሥረታቸውን ሰማን። ምርቶችን በገበያ ድርሻና በገበያ ዕድገት የሚመድበው የቦስተን ሠንጠረዥ አንድ ሙሉ ጠዋት ወሰደ፤ ምድቦቹ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ውሻና የምትታለብ ላም (ገበያው ባያድግም ገንዘብ የሚያስገባ ምርት) ይባላሉ። ላሟ ለእኛ አገር ሰው ቶሎ ትገባለች፤ ምሳሌው ሁሉ ግን የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ ነበር። ከሥር ያለው ብረት ቤት መቁረጥ ሲጀምር ደግሞ አሠልጣኙ አይሰማም።

በአራተኛው ቅዳሜ አምስት አምስት ሆነን ተመደብን፤ የእኛ ቡድን ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ ዳቦ ቤት ችግሩን አጥንቶ እንዲመክር ተላከ። መሐንዲስ፣ ፋርማሲስት፣ መምህር፣ አዲስ ተመራቂ ልጅና እኔ። ባለቤቷ «ልጆቼ፣ ዱቄት ተወደደ፤ ሌላ ምን አለ?» አሉን። በባንክ ልማዴ የሒሳብ መዝገብ ብጠይቅ የልጃቸውን የስምንተኛ ክፍል ደብተር ሰጡኝ። መሐንዲሱ «ምድጃው ነው»፣ እኔ «ዱቤው ነው» እያልን ስንጨቃጨቅ ተመራቂዋ ችግሩን በሦስት ከፈለችው፦ አንድ ዳቦ የሚፈጀው ወጪ፣ የሚሸጥበት ዋጋ፣ ሳይሸጥ የሚያድረው ብዛት። ክፍሎቹ አይደራረቡም፣ ሲደመሩም የሚጎድል የለም። በሙያው «ሚሲ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስላይድ ላይ አይቼው አልገባኝም ነበር።

ፋርማሲስቱ በማግስቱ ጠዋት በሚዛን አርባ ሊጥ መዘነ። ቀላሉ 92፣ ከባዱ 121 ግራም ሲሆን ዋጋቸው ግን አንድ ነው። አገኘነው ብለን ተደሰትን። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩ፤ እንደ ብድር ማስታወሻ ከደንበኛው ታሪክ ጀምሬ ውሳኔውን ሰባተኛ ገጽ ላይ አደረስኩት። አሠልጣኙ ከኋላ ገልጦ «ይህን ፊት አምጣው፣ ምክንያቱ ይከተል» አለኝና አምስት ጊዜ አስጻፈኝ። ከዚያ «ሊጥ ቆራጩ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተያየን። ማናችንም አላናገርነውም ነበር።

ሄድን። ልጁ «ለጠዋት ደንበኛ አተልቅ ያሉኝ እትዬ ናቸው፤ አለበለዚያ ወደ ማዶው ዳቦ ቤት ይሄዳሉ» አለን። ሪፖርቱ ስድስተኛ ጊዜ ተጻፈ። ከከፈልኩት ብር ግማሹ ለዚያች ቀን ይሁንለት፤ አሠልጣኙ ጎበዝ ነው፣ ስላይዱን ቢተወው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ማስታወቂያው ላይ የነበረው «የሥራ ትስስር» የድረ ገጽ አድራሻዎች የተጻፉበት አንድ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። የአማካሪ ድርጅቶች ዋና ፈተና «ኬዝ» የሚባለው ቃለ መጠይቅ ነው፤ የአንድ ድርጅት ችግር ተሰጥቶህ ፈታኙ ፊት ድምፅህን አውጥተህ እያሰብክ ትፈታለህ። ለዚህ ለእያንዳንዳችን የደረሰን ልምምድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የጻፍኩት ደብዳቤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ሥራ ያስገኝልኛል ብሎ የሚመዘገብ ሰው ብሩን ይያዝ።

እኔ አሁንም ባንክ ነኝ። ማስታወሻዎቼ ከውሳኔው ስለሚጀምሩ አለቃዬ እየመለሰልኝ «ታሪኩ የት ሄደ?» ይለኛል።