የኛን ቀን አቆጣጠር በጃቫስክሪፕት፦ የኢንትል እና የቴምፖራል ሪቪው

ዌብሳይት ወይ አፕ ላይ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ለምትፈልጉ ዴቨሎፐሮች፣ ጊትሀብ ላይ የተጣለ ኮንቨርተር ሁሉ እየለቀማችሁ አትድከሙ፣ ነገሩ ብራውዘሩ ውስጥ በነፃ አለ። ኢንትል ዴትታይምፎርማት (Intl.DateTimeFormat) ይባላል። ቋንቋውን አማርኛ፣ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ብላችሁ ስትሰጡት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት በስማቸው ያወጣላችኋል። እኔ ማንኛውንም ኮንቨርተር መጀመሪያ ምፈትነው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው፣ ብዙዎቹ አዲስ ዓመት ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው ስለተሰሩ መስከረም 1 ይሉና ይወድቃሉ፣ ይሄኛው ግን ጳጉሜን 6፣ 2015 አለኝ፣ በማግስቱ መስከረም 1፣ 2016። በጣም ነው ደስ ያለኝ። በእንግሊዝኛ ስታወጡት ዓመቱ ኋላ ኢራ ዋን (ERA1፣ የዘመን ምልክት) ምናምን የሚል ጭራ ከለጠፈባችሁ ፎርማት ቱ ፓርትስ (formatToParts) በሚለው ቁርጥራጩን ተቀብላችሁ ኢራ የሚለውን ጣሉት፣ ያልቃል።

ሰዓት ላይ ግን አልተስማማንም። አማርኛ ብትሉትም ቀኑን እንጂ ሰዓቱን ወደኛ አይቀይርም፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለ ቀጠሮ "9:00 ጥዋት" ብሎ ይወጣል። የክሊኒክ ቀጠሮ በኤስኤምኤስ የደረሳት እናት ይሄን አይታ 9 ሰዓት ላይ ብትመጣ ማን ይፈርድባታል? ዶክተሩን ካመለጣት በኋላ ነው ምትደርሰው። አንዳንዱ ታይም ዞኑን 6 ሰዓት ወደኋላ ገፍቶ ያልፈዋል፣ እሱም አያዋጣም፣ ቁጥሩ ይስተካከልና ቃሉ ይበላሻል፣ ማታ 3 ሰዓት የነበረው "3:00 ከሰዓት" ይሆናል፣ ከሰዓት 9 የነበረው ደግሞ "9:00 ጥዋት"። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከሆነማ ቀኑ ራሱ ወደ ትናንት ይመለስባችኋል። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሰዓት በ24 አቆጣጠር በቁጥር ብቻ ተቀበሉት፣ 6 ቀንሱ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ዜሮ ወይ ከዚያ በታች ከሆነ 12 ጨምሩ፣ ከዚያ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ራሳችሁ ጻፉ። አስር መስመር ኮድ አይሞላም።

ሌላው፣ ኢንትል ማሳየት እንጂ ማንበብ አይችልም፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ጥቅምት 5 ወስዶ ወደ ቀን አይቀይርም፣ ለሱ ቴምፖራል (Temporal) የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት መሳሪያ ያስፈልጋችኋል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ለየብቻ ሰጥታችሁ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ስትሉት 13ኛ ወርን ያለምንም ማንገራገር ይቀበላል፣ ከኛ ወደ ፈረንጅ መመለስም አንድ መስመር ነው። እዚህ ጋር ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ በሆነችበት ተራ ዓመት ጳጉሜን 6 ብላችሁ ብትሰጡት ዝም ብሎ ጳጉሜን 5 ያደርገዋል፣ ኦቨርፍሎው (overflow) የሚለውን ምርጫ ሪጀክት (reject) ካላላችሁት ኤረር አይሰጥም፣ የልደት ቀን ወይ የውል ቀን ለምትመዘግቡ ሲስተም ይሄ ከባድ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ 2017-01-01 ብላችሁ ጽፋችሁ ኋላው ላይ ኢትዮፒክ የሚል ምልክት ብትጨምሩ መስከረም 1፣ 2017 እንዳይመስላችሁ፣ ጽሁፉ ሁሌ የሚነበበው በፈረንጅ ነው፣ የሚወጣው ታኅሣሥ 23፣ 2009 ነው። ቀይ ነገር የለ፣ ዋርኒንግ የለ፣ ከስምንት ዓመት ገደማ ፈቀቅ ያለ ቀን ዳታቤዛችሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በጽሁፍ አትስጡት፣ ሁሌም በተለያየ ቁጥር ስጡት።

ለማሳየት ኢንትልን ያለ ምንም ማመንታት ተጠቀሙ፣ ሰዓቱን ብቻ ራሳችሁ ያዙት። ቴምፖራል ፋየርፎክስ ላይ ከ139 ጀምሮ አለ፣ ክሮም ላይ ከ144። ደንበኞቻችሁ አሮጌ ስልክ የሚይዙ ከሆነ ፖሊፊል (አሮጌው ብራውዘር የሌለውን የሚሞላ ኮድ) ጨምሩ፣ ዳታ ትንሽ ይበላል ግን ግድ ነው። በኛ አቆጣጠር የሚሰራ ቀን መምረጫም ብራውዘሩ አይሰራላችሁም፣ ለቀን፣ ለወር፣ ለዓመት ሶስት ድሮፕዳውን አድርጉና ወሩ ላይ ጳጉሜን እንዳትረሱ፣ ጳጉሜን ሲመረጥ ቀኑ 5 ወይ 6 ላይ ይቁም።