ፖለቲካዊ ዘጋቢ ፊልም በደሴ፦ ምርጫው ሸጋ፣ አቀራረቡ ያልታሰበበት

ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ ለሦስት ምሽት በነፃ የታየው የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል በምርጫው ብቻ ቢመዘን ከአምስት አራት ተኩል ይገባዋል። በአቀራረቡ ግን ሁለትም ይበዛበታል። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ደግሞ አያስኬድም፤ ፖለቲካዊ ዘጋቢ ፊልም ላይ አቀራረቡ ሲበላሽ ሐሳቡም አብሮ ይበላሻል። ድምፁና ጽሑፉ የጠፋበትን ምስል ማንም እንደፈለገ ያናግረዋል።

ለዚህ ከወሎ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የመክፈቻው ፊልም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እዚሁ ወሎ ውስጥ ስለ ረሃቡ ያስቀረጸው፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ዘገባ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስና ለውሾች ሥጋ ሲሰጥ ከሚያሳዩ ትዕይንቶች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበው ሰው ምስል ያው ነው፤ የተለወጠው ከጎኑ የተቀጠለው ነው። አዘጋጆቹ ይህን ፊልም ማስቀደማቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ይህን ታሪክ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ ሰው መድረክ ላይ ስላልነበረ፣ ወጣቱ ተመልካች የትኛውን ቅጂ እንዳየ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

የባሰው ደግሞ የምስሉ ቅርጽ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነው። ፕሮጀክተሩ 16 ለ 9 ላይ እንደተተወ ስለነበር ምስሉ ሸራውን ለመሙላት ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ወርዱ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ፊቱ ክብ ሆነ፣ ክንዱ ሞላ። የረሃብ ፊልም የተራበውን አወፈረው! ማስተካከያው አሥር ሰከንድ አይፈጅም፦ በፕሮጀክተሩ ሪሞት ላይ «አስፔክት» የሚለውን ተጭኖ 4 ለ 3 መምረጥ፣ ወይም ፊልሙ ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ፊልም ማጫወቻ የሚከፈት ከሆነ የ«ኤ»ን (A) ቁልፍ ትክክለኛው ቅርጽ እስኪመጣ ደጋግሞ መጫን። ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር።

በሁለተኛው ምሽት በመሬት ካሳ ላይ የተሠራው ፊልም ሲታይ ሙዚቃው ወንበር ያንቀጠቅጣል፣ ተናጋሪዎቹ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ይመስላሉ። ድምፅ ሲጨመር የጨመረው ሙዚቃው ነው። ስፒከሩ ምንም አልነበረበትም። ፋይሉ 5.1 የሚባለው ባለ ስድስት ቻናል (በስድስት ተለያይቶ የተቀመጠ) ድምፅ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ፋይል ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ቻናል ላይ ነው። ከላፕቶፕ ወደ ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) የሚሄደው ቀጭን ገመድ ደግሞ ግራና ቀኝን ብቻ ያወጣል። መሐለኛው ከሁለቱ ጋር ካልተደባለቀ ቃለ መጠይቁ ይሰወራል። ከፊልሙ ባለቤት ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ብቻ ያለው) ቅጂ አስቀድሞ መጠየቅ ነው ዋናው፤ ካልተገኘ ከትርዒቱ በፊት ፋይሉን ወደ ስቴሪዮ መቀየር። እዚያው በትርዒት ሰዓት በሚክሰር ለማከም መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሚክሰሩ ያልደረሰውን ድምፅ ከየት ያመጣል?

ሰብታይትሉ፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚጻፈው ትርጉም፣ ሌላ ጉድ ነበር። የአረብኛው ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተሞላ። ላፕቶፑ ላይ ለሰብታይትል የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ወደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ሲቀየር ይስተካከላል። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከመጣ ግን ጥፋቱ የፎንት አይደለም፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የግዕዝ ፊደልንም በሚያካትተው የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት) አልተከፈተም ወይም አልተቀመጠም ማለት ነው።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ ጽሑፉ እየዘገየ ሄደ። ጽሑፉ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ የተዘጋጀ ነው፣ የታየው ቅጂ ግን በ25 ይሄዳል። በዚህ ልዩነት አንድ ሰዓት ሲሞላ ጽሑፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደኋላ ይቀራል። ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው ልጅ በቪኤልሲ ጽሑፍ የሚያንቀሳቅሰውን ቁልፍ ሲጫን አመሸ፤ ቁልፉ በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ይህን ያህል ለማካካስ ሦስት ሺህ ጊዜ መጫን ሊኖርበት ነው፣ ቢጫንም መልሶ ይዛነፋል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ቁጥሩን ከ24 ወደ 25 መቀየር በቂ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ባለሥልጣኑ የተናገረው ቃል ቤቷ የፈረሰባት ሴት ፊት ሥር ተጻፈ። ከኋላ «እሷም ትደግፈዋለች ማለት ነው?» የሚል ተሰማ።

መብራት አንዴ ሄዶ ጀነሬተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ፕሮጀክተሩ ግን በአምፖል የሚሠራ ስለሆነ ሳይቀዘቅዝ አልበራም። ለእሱ ብቻ የሚበቃ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ቢኖር ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያቆየው ነበር። የአዳራሹ ወለል ጠፍጣፋ፣ ሸራውም ዝቅ ያለ ነው፤ ጽሑፍ ለማንበብ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ወይም ከመተላለፊያው ዳር መቀመጥ ይሻላል። ጋቢ መያዝም አይከፋም፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በር ሲከፈት ይገባል።

ውይይቱ ከሁሉ የተሻለው ክፍል ነው። አወያዩ ጥያቄ በወረቀት ተቀብሎ ከማንበቡ በፊት ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ማይክ ይዞ የራሱን ንግግር የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ሆኖም ከፊልሞቹ አንዱንም የሠራ ሰው አልተጋበዘም። ምስሉን ማን ቀረጸው፣ የድሮው ምስል ከየት ተገኘ፣ ወጪውን ማን ሸፈነ የሚሉት ጥያቄዎች ስለዚህ መልስ አጡ። ባለሙያውን ማምጣት ባይቻል እንኳ በስልክ ድምፅ ማጉያ ማገናኘት ይቻላል።

ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ደግሞ ሰዓቱ አይመችም። መጀመሪያው ፊልም ማታ 12 ሰዓት ተብሎ 12 ከ40 ላይ ጀመረ፤ ውይይቱ ሲያልቅ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ማግኘት ዕድል ነው፣ ቢገኝም በመንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ጉም ካለ ሹፌሩ እየዳሰሰ ነው የሚወርደው። በሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ አንዱን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት 8 ላይ ቢያደርጉት፣ ወይም ሁለት ፊልም ወደ ኮምቦልቻ ይዘው ቢወርዱ።