የእማዬን እንቅልፍ ለመለሰችው ሲስተር

እማዬ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ለሦስተኛው አቅማችን አልደረሰም። ከማሽኑ በላይ ያሰቃያት ግን ማሳከኩ ነበር። ጀርባዋ፣ ክንዷ፣ እግሯ። ማታ ማታ ይብስባታል። በማበጠሪያ ስታክ አድራ አንሶላው ላይ ደም አይተናል። ሰው እከክ የያዛት እንዳይመስለው ብላ ጎረቤት ሄዳ ቡና መጠጣት ሁሉ ትታ ነበር። እኔን ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

ያልሞከርነው የለም። የአለርጂ ክኒን፣ ቅባት፣ እሬት፣ ፀበል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ "የኩላሊት ሕመም ያሳክካል፣ ይቻሉት" ብለው መለሷት።

ከዚያ ይቺ ሲስተር እጥበት ክፍሉ ተመደበች። ማሽኑን እያስተካከለች "እማማ፣ ማታ እንቅልፍ ይወስድዎታል?" አለቻት። ማንም ጠይቋት አያውቅም። እማዬ አለቀሰች። "ማሳከኩ ከ10 ስንት ነው?" ስትላት "9" አለች።

በሚቀጥለው ቀን መድኃኒቶቿን በሙሉ ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። ለካ እማዬ ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን የሚቀንስላትን ክኒን የምትውጠው ልትተኛ ስትል፣ በባዶ ሆዷ ኖሯል! ክኒኑ የሚሠራው ከምግብ ጋር ሲዋጥ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፌት ወደ ደም ሳይገባ እዚያው ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። ፎስፌት ደም ውስጥ ሲበዛ ማሳከክን ከሚያብሱት ነገሮች አንዱ ነው። ፎስፌት ስላለበት ኮላም አስተወቻት። ደግሞ እማዬ ደከመኝ እያለች ሰዓቱ ሳይሞላ ከማሽኑ ትነሳ ነበር። ሲስተር አጠገቧ ቁጭ ብላ እያጫወተቻት 4 ሰዓቱን ታስጨርሳት ጀመር።

ለቆዳዋ ያዘዘችው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ሽታ ያለው ሳሙና መተው፣ ገላዋ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዳዩን ይዛ ዶክተሩ ጋ ሄደች። ዶክተሩ ጋባፔንቲን 100 ሚሊግራም፣ ከእጥበት በኋላ ብቻ አዘዘላት። የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው፣ ለዚህም ይረዳል። አደራ፣ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጡ። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ጤነኛ ሰው የሚወስደው መጠን ለኩላሊት ሕመምተኛ አደገኛ ነው። እማዬን በዚያችው ትንሽ መጠን እንኳ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ አዞራትም። ሽንት ቤት ደግፈን ነበር የምንወስዳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲስተር ደግማ ስትጠይቃት "3" አለቻት። ጨርሶ አልጠፋም። ግን ትተኛለች። ባለፈው እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤት ቡና ሄደች።

ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ አልጻፍኩም። አዲስ አበባ ሆናችሁ እጥበት የሚያደርግ ሰው ካላችሁና የት እንደምትሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ራቅ ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማሳከኩን ለሐኪሞቹ ሳትነግሯቸው እንዳትወጡ፤ ሕመምተኛው የሚወስደውን ክኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።