ግጪ ሜዳ፣ ሁለት ቀንና አንድ የተተረተረ ስሊፒንግ ባግ

ዕድሜ ልኬን ጎንደር ኖሬ የስሜን ተራሮች ፓርክን ያየሁት ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነው። ፈረንጁ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል፤ እኔ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ላለው ደባርቅ «ሥራ አለብኝ» ስል ኖርኩ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። ደባርቅ የተከራየሁት ስሊፒንግ ባግ የዚፑ ጥርስ ረግፏል፣ እግር በኩል ስፌቱ ተተርትሯል። ጨለማ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ሲሰጠኝ አልፈታሁትም፤ እኔ ራሴ፣ የስፌት ሰው! አከራዩ «እሳት ነው» ብሎ ምሎልኛል። ግጪ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ ጠዋት ስወጣ ጓሳው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። ያተረፈኝ የእናቴ ጋቢ ነው። እናንተም ጋቢ ያዙ።

ከሳንቃበር ካምፕ ግጪ በእግር ግማሽ ቀን በላይ ይፈጃል። በቅሎ ነጂያችን ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ብዙ ቀረን?» ስላቸው «ኧረ እታለም፣ እዚያች ጅብራ ጋ ነው» ይሉኛል። ሜዳው ግን በዚህ ረጅም የደጋ ተክል የተሞላ፣ ጅብራ በጅብራ ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች እስካሁን አላወቅኩም። የግጪ መንደር ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ሲዛወር እሳቸውም አብረው ወርደዋል። አንድ ቦታ ላይ በቅሎዋን አቁመው ሣሩን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና «ምድጃችን እዚህ ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት ብቻ መሄድ ያዋጣል። ቁጭ ብለው ሣሩን በሁለት ጣት እየነጩ ይበላሉ፤ እንደዚያ ያለ ፈጣን እጅ ጥልፍ ሠሪዎች ዘንድ ብቻ ነው ያየሁት። ሲመሽ ለሌሊቱ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ፣ 3,926 ሜትር፣ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ጉልበቴ ስለከዳኝ በሆዴ ተኝቼ ነው ያየሁት። አጃቢያችን እስካውቱ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ደባርቅ ያለው የፓርኩ ቢሮ ሳትመዘገቡና እስካውት ሳትይዙ አትገቡም። እግር ካስቸገራችሁ መኪና እስከ ጭንቅ ካምፕ ይደርሳል፤ ዋልያም የሚታየው እዚያው አካባቢ ነው።

ስሊፒንግ ባጉን ስመልስ የተተረተረውን ሰፍቼ ነው የሰጠሁት፤ ቀጥሎ የሚተኛበት ሰው ምን በደለ? ዚፑን ግን አልነካሁትም።