አፍተግር ከገባበት በረት ሰንጋ ስለሚረከበው ቄራ

ለፋሲካ ገበያ ብዬ በፉርሽካና በፋጉሎ ካደለብኳቸው 14 ሰንጋዎች መካከል ሦስቱ፣ ሆሳዕና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለሃጫቸውን እያዝረበረቡ መኖ መተው ጀመሩ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አፋቸውን ከፍቶ ሲያሳየኝ የምላሳቸው ቆዳ ተልጦ ሥጋው ቀልቶ ነበር፤ አንደኛውም ኮቴው መካከል በወጣው ቁስል ምክንያት መቆም አቅቶት እግሩን ያፈራርቃል። ሐኪሙ በሽታው አፍተግር የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ የከብት በሽታ መሆኑን ነግሮኝ ከበረቴ ከብት እንዳይወጣ የእገዳ ደብዳቤ ሰጠኝ።

በማግስቱ አንድ ደላላ ደውሎ ምልክት ያልታየባቸውን በሌሊት ጭኖ ሊሸጥልኝ ጠየቀኝ። ፈተናው ከባድ ነበር፤ ሰንጋ በዓል ካለፈበት ትርፉን መኖ ይበላዋልና። ነገር ግን ቫይረሱ በከብቱ ገላ ውስጥ ከ2 እስከ 14 ቀን ሳይታወቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ደህና የሚመስል ሰንጋ ገበያ ባደረ ቁጥር የአንዱ ገበሬ የእርሻ በሬ በዝናብ ወራት ያነክሳል፣ የሌላው ላም ወተቷ ይነጥፋል፣ ጥጃም ልቡ ታሞ በድንገት ይሞታል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 በሽታ ከታየበት ቦታ የሚደረግን ዝውውር የገደበው ለዚህ ነው።

በሐኪሙ ምክር ያነጋገርኩት ቄራ፣ የወረዳው ፈቃድ «ለቀጥታ እርድ ብቻ» እስካለ ድረስ ምልክት ያልታየባቸውን 11 ሰንጋዎች ከደጄ እንደሚረከብ ነገረኝ። በቀጠሮው ቀን የመጣው አይሱዙ መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ጎማውና የጭነት ወለሉ ማጽጃ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ታጠበ፤ ሰንጋዎቹም በዓይን ግምት ሳይሆን አንድ በአንድ በሚዛን ተመዘኑ። መኪናው መንገድ ላይ ሳይቆም ቄራ ገባ፣ የእኔ ከብቶችም የዕለቱ እርድ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ታረዱ። ሹፌሩ ሲመለስ መኪናውን እንደገና ሲያጥብ ማየቴ ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል፤ ሌላ ገዢ ይህን ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ቅሬታዬ በሂሳቡ ላይ ነው። ሥጋው በብርድ ክፍል ሲያድር የሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱን በጡንቻው ውስጥ ያጠፋዋል፤ በአጥንት መቅኔ፣ በዕጢ፣ በጭንቅላትና በእግር ውስጥ ግን ሊቆይ ስለሚችል ቄራው እነዚህን ክፍሎች ማስወገዱ ተገቢ ነው። ሆኖም የምላሱ፣ የጭንቅላቱ፣ የእግሩና ለዱለት የሚሆነው የሆድ ዕቃ ዋጋ ከኪሎው ሂሳብ ላይ እንደሚቀነስ የሰማሁት ሰንጋዎቹ ከተጫኑ በኋላ ነው። ቅናሹ ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ አልተነገረኝም፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የተያዘውን ዋጋ ስጠይቅም «እንደተለመደው ነው» ተባልኩ። እገዳ ያለበት አድላቢ ሌላ ገዢ እንደሌለው እየታወቀ እንዲህ ማድረግ ሰውን ወደ ሌሊቱ ደላላ የሚገፋ ነው። ክፍያው ግን በተባለው ቀን ባንክ ገብቷል።

ለሥራው ጥራትና ለንጽሕናው ከ5ቱ 4 ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ለዋጋ አሠራሩ ግን ከ2 በላይ መስጠት አልቻልኩም። ሦስቱ የታመሙት ከስተዋል፣ ሆኖም መኖ መብላት ጀምረዋል። እገዳው ሲነሣ እነሱንም ለዚሁ ቄራ ለመሸጥ አስቤ ዋጋውንና ቅናሹን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።